ቲኤነት ቅጥር ነው፦ ረዳት መምህርነትን እንደ ነፃ ስኮላርሺፕ ላቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ለማስተርስና ለፒኤችዲ ወደ አሜሪካ ለመሄድ በሚዘጋጁ ተማሪዎች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወር አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የማስተማር ረዳትነት፣ እዚያ ያሉት ባጭሩ ቲኤ የሚሉት፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው። በሳምንት 20 ሰዓት ቢባልም ሥራው ከዚያ ያንሳል። በተረፈው ጊዜ ኡበር እየነዱ፣ ባለቤትም እየሠራች፣ ገንዘብ ማጠራቀም ይቻላል። ታክስ አይቆረጥም። አገር ቤት ሌክቸረር የነበረ ሰው የቋንቋ ፈተናም ሥልጠናም አያስፈልገውም፤ ማረም ደግሞ የልምድ ጉዳይ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ቪዛ ስለሚያሰርዝ አይጠጉት። የአውሮፕላን ትኬት ካለ ሌላው እዚያ ይሞላል።

የጸሐፊውን ቅንነት አንጠራጠርም። የአብዛኞቹ ዲፓርትመንቶች ማመልከቻ በዲሴምበርና በጃንዋሪ እንደሚዘጋ፣ ከማመልከት በፊትም ለድኅረ ምረቃ አስተባባሪው ኢሜል መጻፍ እንደሚጠቅም የነገሩን ልክ ነው። የቀረው ግን ቲኤነትን እንደ ስጦታ ከማየት የመጣ ስህተት ነው። ቲኤነት ቅጥር ነው። አሠሪ አለው፣ ውል አለው፣ የሥራ ሰዓት አለው፣ ታክስም አለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስህተቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋንም። አገር ቤት ጂኤ (ግራጁዌት አሲስታንት) ሲባል ዲግሪውን በጥሩ ውጤት ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ የተቀጠረ ሰው ነው። ከጂኤ ወደ ረዳት ሌክቸረር፣ ከዚያ ወደ ሌክቸረር ያድጋል። መጀመሪያ መምህር ነው፤ ትምህርቱ በዚያ ላይ ይጨመራል። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል፦ ቲኤው መጀመሪያ ተማሪ ነው። ምዝገባው ከተቋረጠ ወይም ውጤቱ ከወረደ ሥራውም አብሮ ያበቃል። በአብዛኛው በሴሚስተር 9 ክሬዲት መመዝገብና ከ4 ነጥብ 3.0 አለማነስ ይጠየቃል።

እንግዲህ ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው ከሚለው እንጀምር። ዩኒቨርሲቲው የሚልከው ደብዳቤ ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው ቁጥር ዶላሩ ሳይሆን ፐርሰንቱ ነው። 50 ፐርሰንት ማለት የሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ግማሽ፣ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፤ 25 ፐርሰንት 10 ሰዓት ነው። ዌቨሩም፣ ማለትም ከትምህርት ክፍያው የሚነሳለት ድርሻ፣ ብዙ ጊዜ ከዚሁ ፐርሰንት ጋር የተያያዘ ስለሆነ 25 ፐርሰንት የተመደበ ሰው ግማሽ ዌቨር ብቻ ሊያገኝ ይችላል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ዌቨሩ አንዳንዴ የሚያነሳው ከስቴቱ ውጭ የመጣ ተማሪ የሚጫንበትን ተጨማሪ ክፍያ ብቻ ነው። የስቴቱ ነዋሪ የሚከፍለው መደበኛ ሒሳብ እንዳለ ይቀራል። ደብዳቤው ዌቨር አለ ማለቱ ብቻ በቂ አይደለም፤ ከየትኛው ክፍያ ላይ ስንት እንደሚያነሳ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዌቨሩ ቢሞላ እንኳ ለቴክኖሎጂ፣ ለትራንስፖርት፣ ለጤና ማዕከል የሚባሉት ልዩ ልዩ ክፍያዎችና የጤና መድኅኑ ብዙ ጊዜ ከተማሪው ኪስ ነው የሚወጡት።

ሒሳቡን እንሥራው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ደብዳቤ እያየ ይተካቸው። የ9 ወር ምደባ፣ 24,000 ዶላር፣ የስቴት የገቢ ታክስ በሌለበት በቴክሳስ እንበል። የ2025 የፌዴራል ታክስ፣ ከዚህ በታች በሚታየው ስሌት፣ 2,642 ዶላር ገደማ ነው። ልዩ ልዩ ክፍያ በዓመት 1,800፣ መድኅን 2,000 ቢሆን በእጅ የሚቀረው 17,558 ዶላር ነው። ደመወዙ የ9 ወር ቢሆንም የቤት ኪራዩ የ12 ወር ነው፤ ስለዚህ ለ12 ሲካፈል በወር 1,463 ዶላር ይሆናል። ጽሑፉ 24,000ን ለ9 አካፍሎ በወር 2,667 ዶላር ብሎ ነው አንባቢውን ያስጎመጀው። ሳመር ላይ ምደባ ይኑር አይኑር፣ ምደባው ለስንት ሴሚስተር እንደሚቆይ፣ የሚታደሰው በምን መስፈርት እንደሆነ ከመፈረም በፊት ይጠየቃል። ለመጠየቅም ጊዜ አለ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙት የኤፕሪል 15 ስምምነት የሚባል ነገር አለ፤ በዚህ መሠረት ተማሪው የገንዘብ ድጋፍ ለያዘ የመግቢያ ደብዳቤ ከኤፕሪል 15 በፊት መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። በሦስት ቀን ካልመለስክ ቦታው ለሌላ ይሰጣል የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ዩኒቨርሲቲው ከፈራሚዎቹ አንዱ መሆኑን አጣርቶ ስምምነቱን በትሕትና ማስታወስ ይችላል።

ሥራው ቀላል ነው ለሚለው፣ የአንድ ሳምንት ሰዓት መቁጠር ይበቃል። እያንዳንዳቸው 30 ተማሪ ያላቸው ሁለት የዲስከሽን ክፍሎች፣ ማለትም ከሌክቸሩ ውጭ ቲኤው የሚመራቸው የውይይት ክፍሎች፣ የያዘ ቲኤ እንውሰድ። ክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ 50 ደቂቃ፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ40። ዝግጅት 3 ሰዓት። የፕሮፌሰሩን ሌክቸር ሦስት ቀን 50 ደቂቃ መከታተል፣ 2 ሰዓት ተኩል። ኦፊስ አወር፣ ተማሪ ቢሮ መጥቶ የሚጠይቅበት፣ 2 ሰዓት። ኢሜል 1 ሰዓት ተኩል። የቲኤዎች ስብሰባ 1 ሰዓት። ድምሩ 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ለማረም የሚተርፈው 8 ሰዓት ከ20 ነው። ሚድ ሲመጣ 60 ወረቀት፣ 6 ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢባል 540 ደቂቃ፣ ማለትም 9 ሰዓት ይሆናል። የማረሚያ መመሪያውን ለማስተካከል 45 ደቂቃ፣ ለመደመርና ለመመዝገብ 30 ደቂቃ ሲጨመር 10 ሰዓት ከሩብ። ያ ሳምንት ወደ 22 ሰዓት ገባ ማለት ነው።

መፍትሔው ዝም ብሎ መሸከም አይደለም። ከሴሚስተሩ መጀመሪያ አንስቶ ሰዓቱን በ15 ደቂቃ እየከፈሉ መመዝገብ፣ የፈተናውን ሳምንት ካለንደር ላይ አይቶ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ለኢንስትራክተሩ ቁጥሩን ማሳየት ነው። ሌክቸሩን በዚያ ሳምንት መተው፣ ማረሙን በሁለት ሳምንት መክፈል፣ ወይም ሁለት ጥያቄዎችን ለሌላ ቲኤ መስጠት የተለመደ ነው። ሥራው በዛብኝ ከሚል ቅሬታ ይልቅ በሰዓት የተጻፈ ሠንጠረዥ ቶሎ ይሰማል። ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ ለሚማር ሰው ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻም አይደለም። ትምህርት ባለበት ጊዜ በካምፓስ ውስጥ መሥራት የሚፈቀደው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው፤ ገደቡም ለሁሉም የካምፓስ ሥራዎች ድምር ነው። 50 ፐርሰንት ቲኤ የሆነ ሰው በላይብረሪ 5 ሰዓት ቢጨምር 25 ሆነ፤ ሕጉን አለፈ። በእረፍት ወራት ግን ሙሉ ሰዓት መሥራት ይቻላል።

አሁን ወደ ኡበሩ። እዚህ ላይ ጽሑፉ አደገኛ ነው። ኤፍ-1 ቪዛ ያለው ተማሪ ከካምፓስ ውጭ ያለ ፈቃድ መሥራት አይችልም፤ ኡበር መንዳትም ሆነ ምግብ ማድረስ በግል እንደመሥራት ቢቆጠርም ሥራ ነው። መጀመሪያ ይሠራል፣ ችግር ሲመጣ ይስተካከላል የሚለው ስሌትም አያዋጣም። የተበላሸ የተማሪነት መብትን ለማስመለስ የሚቀርብ ማመልከቻ አለ፤ ግን ከመስፈርቶቹ አንዱ ያለ ፈቃድ ሠርቶ አለመገኘት ነው። በሩ የተዘጋው ልክ ለዚህ ሰው ነው። ሕጋዊው መንገድ ሌላ ነው፦ ከሙያው ጋር የተያያዘ ሥራ ከሆነ ሲፒቲ የሚባለው የተግባር ልምምድ ፈቃድ፣ ከአንድ የትምህርት ዓመት በኋላ ያልታሰበ የገንዘብ ችግር የደረሰበት ደግሞ በፎርም አይ-765 የሚጠየቅ ፈቃድ። ሁለቱም የሚጀምሩት በዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ነው። የባለቤትን ነገር ካነሳን፣ የኤፍ-1 ተማሪ ባለቤት የምትይዘው ኤፍ-2 ነው፤ ኤፍ-2 መሥራት አይፈቅድም። የሥራ ፈቃድ መጠየቅ የሚያስችለው፣ ጄ-1 የሚባለውን የልውውጥ ቪዛ የያዘ ሰው ጥገኛ የምትይዘው ጄ-2 ነው፤ እሱም ፈቃዱ በእጅ ከገባ በኋላ። በዲቪ ወይም በሌላ መንገድ ግሪን ካርድ የያዘ ተማሪ እነዚህ ገደቦች አይመለከቱትም። ጽሑፉ የነዚህን ሰዎች ኑሮ አይቶ ለኤፍ-1 የጻፈ ይመስለናል።

ታክስ አይቆረጥም የሚለው ግማሽ እውነት ስለሆነ ጠንቅቆ ማየት ይገባል። እውነት የሆነው፦ የትምህርት ክፍያ ዌቨሩ ለቲኤ በአብዛኛው ታክስ የለበትም። እንዲሁም ኤፍ-1 ተማሪ ለመጀመሪያዎቹ አምስት የካለንደር ዓመቶች ለታክስ ጉዳይ ነዋሪ ስለማይባል ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና) የሚቆረጠው 7.65 ፐርሰንት አይመለከተውም። በ24,000 ዶላር ላይ ይህ 1,836 ዶላር ነው። ደመወዝ ክፍሉ በስህተት ከቆረጠ መጀመሪያ ለአሠሪው በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ካልመለሰ በፎርም 843 እና 8316 ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ይጠየቃል። አምስቱ ዓመት ሲቆጠር በኦገስት 2025 የገባ ሰው 2025 ራሱ አንድ ሙሉ ዓመት ተብሎ ይያዝበታል፤ ስለዚህ የሚያበቃው በ2029 መጨረሻ ነው።

ሐሰት የሆነው ደግሞ ደመወዙ ራሱ ነው። ደመወዝ የገቢ ታክስ አለበት። የቻይናና የግብፅ ተማሪዎች በታክስ ስምምነት ከደመወዛቸው ላይ የተወሰነ ነፃ ሲደረግላቸው አይቶ ለእኛም አለ ያለ ሰው ተሳስቷል። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ታክስ ስምምነት የላቸውም። ነዋሪ ያልሆነ ሰው ስታንዳርድ ዲዳክሽን የሚባለውንም ቅናሽ አያገኝም። ከ24,000ው ላይ የመጀመሪያው 11,925 ዶላር በ10 ፐርሰንት 1,192.50 ይሆናል፤ የቀረው 12,075 በ12 ፐርሰንት 1,449። ድምሩ 2,641.50 ዶላር። በየዓመቱ የሚደጋገመው ስህተት ጓደኛ በተጠቀመበት ቱርቦታክስ በሚባል የታክስ መሙያ ሶፍትዌር ገብቶ እንደ ነዋሪ መሙላት ነው። ቱርቦታክስ ለነዋሪዎች ነው፤ ነዋሪ ያልሆነ ሰው የሚሞላውን 1040-ኤንአር የሚባለውን ፎርም አይሠራም። በስህተት ስታንዳርድ ዲዳክሽን ወስዶ ገንዘብ የተመለሰለት ሰው ደስ ይለዋል፤ በኋላ ግን ማስተካከያ ፎርም ሞልቶ ከነወለዱ ይመልሳል። ከ1040-ኤንአር ጋር ፎርም 8843ም ይያያዛል። በዓመቱ ምንም ደመወዝ ያላገኘ ተማሪም 8843ን ማስገባት አለበት።

ስለ ቋንቋ ፈተናው፣ ጸሐፊው ሁለት ነገር ቀላቅለዋል። በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ለመግቢያ ከቶፍል ነፃ የሚሆንበት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ክፍል ገብቶ ለማስተማር ግን ሌላ በር ነው። በአንዳንድ ስቴቶች የመምህራን የንግግር ብቃት በሕግ የተደነገገ ነው፤ ፔንሲልቫኒያ በ1990 ያወጣችው ሕግ አንዱ ነው። በ30 ነጥቡ የቶፍል መለኪያ በንግግር 26 የሚጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው፤ ያላመጣ በካምፓስ ውስጥ ይፈተናል። ፈተናው በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የሚወስድ አጭር ትምህርት ነው። አንድ ፅንሰ ሐሳብ ሰሌዳ ላይ ይብራራል፤ ፈታኞቹ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ መስለው እያቋረጡ ይጠይቃሉ። የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ ከክፍል ውጭ እንዲያርም ይመደባል፤ ወይም የአንድ ሴሚስተር የንግግር ኮርስ ይወስዳል።

አማርኛ ተናጋሪን የሚጥለው ሰዋስው አይደለም፣ የቃል ጫና ነው። እንግሊዝኛ ኢኮኖሚ ሲል ሁለተኛውን፣ ኢኮኖሚክ ሲል ሦስተኛውን ክፍል ይጫናል። እኛ ሁሉንም እኩል ስንለው ሰሚው ቃሉን እስኪለይ ዓረፍተ ነገሩ ያልፈዋል። በኮርሱ ውስጥ በየሳምንቱ የሚመላለሱትን 40 ያህል ቃላት መርጦ ጫናቸውን ምልክት አድርጎ መለማመድ ጠቅላላ ንግግርን ለማሻሻል ከመድከም ይበልጣል። ሁለተኛው ስህተት ተማሪው ጥያቄውን ሳይጨርስ መመለስ ነው። ተማሪው የጠየቀውን በራስ አባባል ደግሞ ይህ ነው ያልከኝ ብሎ ማረጋገጥ በፈታኞች ፊት ነጥብ ያስገኛል፤ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከመሳሳት ያድናል። ገባችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ እዚያም እዚህም አንድ ዓይነት ዝምታ ነው የሚያመጣው። ይልቅ ሁለት መልስ ሰሌዳ ላይ ጽፎ እጅ ማስወጣት ይሻላል። በነገራችን ላይ ተማሪዎቹ በመጠሪያ ስም ነው የሚጠሩት፤ አንቱታ የለም፤ ንቀት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

አሁን ጽሑፉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ወዳለፈው ወደ ማረም። ልምድ ያለው መምህር ወረቀቱን አንዴ አይቶ ነጥቡን ያውቃል፤ ቅሬታ ይዞ ለመጣ ሁለት ሦስት ነጥብ ጨምሮ መሸኘት ሰላም ያወርዳል ይላሉ ጸሐፊው። ከምክሮቻቸው ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

አንድ የስታቲስቲክስ ጥያቄ እንውሰድ። የ64 ሰዎች አማካይ ውጤት 70፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 16 ነው፤ የ95 ፐርሰንት ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን (እውነተኛው አማካይ ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተውን ክልል) አውጥተህ አብራራ፤ 10 ነጥብ። ትክክለኛው 16ን ለ64 ስኩዌር ሩት፣ ለ8፣ አካፍሎ 2 ማግኘት (ስታንዳርድ ኤረር የሚባለው ይህ ነው)፣ በ1.96 አባዝቶ 3.92፣ ስለዚህ ከ66.08 እስከ 73.92 ነው። መመሪያው ለስታንዳርድ ኤረሩ 3፣ ለ1.96 2፣ ለወሰኖቹ 2፣ ለማብራሪያው 3 ነጥብ ይሰጣል። የመጀመሪያዋ ተማሪ ስኩዌር ሩቱን ረስታ 16ን ለ64 አካፈለች፤ 0.25 አገኘች፤ በ1.96 አባዝታ ከ69.51 እስከ 70.49 ጻፈች፤ ማብራሪያዋ ግን ልክ ነው። በመመሪያው ከስታንዳርድ ኤረሩ 2 ነጥብ ታጣለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ከተሳሳተው ቁጥር ጋር የተስማማ ስለሆነ አይቀነስባትም፤ 8 ታገኛለች። ሁለተኛው ቁጥሩን ሁሉ ልክ አወጣና 95 ፐርሰንት የሚሆኑት ሰዎች ውጤታቸው በነዚህ ቁጥሮች መካከል ነው ብሎ አብራራ። ይህ ከመሠረቱ ስህተት ነው፤ ኢንተርቫሉ የሚናገረው ስለ አማካዩ እንጂ ስለ ግለሰቦቹ አይደለም። 7 ያገኛል። በዓይን የሚያርም መምህር የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ስለሚያይ ለመጀመሪያዋ 4፣ ለሁለተኛው 10 ይሰጣል። ፎርሙላ የሸመደደው ተሸለመ፣ የገባት ተቀጣች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማንም ላይ ነጥብ ሳይጻፍ በፊት ከ8 እስከ 10 ወረቀት ይነበባል፤ ያልታሰቡ ስህተቶች የሚወጡት እዚህ ላይ ነው። ከኢንስትራክተሩና ከሌሎቹ ቲኤዎች ጋር መመሪያው ይስተካከላል። ቀጥሎ ጥያቄ 1 በ60ው ወረቀት ላይ ይታረማል እንጂ አንድ ወረቀት ከጫፍ እስከ ጫፍ አይታረምም። የመጀመሪያው ጥያቄ ጥሩ ከሆነ ሁለተኛውን ዓይን በቸርነት ያየዋልና። ለጥያቄ 2 ክምሩ ይደባለቃል፤ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚታረም ሰው የመምህሩን ድካም ይከፍላል። ስም ይሸፈናል፤ ግሬድስኮፕ የሚጠቀም ዲፓርትመንት ከሆነ ሶፍትዌሩ ይደብቀዋል። እያንዳንዱ ውሳኔ ይጻፋል፦ ስኩዌር ሩት የረሳ 2 ይቀነስበት፣ አሃድ ያልጻፈ አይቀነስበት። 30ኛው ወረቀት ላይ ሲደረስ ወደ መጀመሪያዎቹ 5 ተመልሶ ማየት ግድ ነው፤ መስፈርቱ ሳይታወቅ የሚጠብቀው ወይም የሚላላው እዚያ መካከል ነው። ድምር ሁለት ጊዜ ይደመራል፤ የወረቀቱ ጀርባም ይታያል። ከሚመጡት ተገቢ ቅሬታዎች ብዙዎቹ የድምር ስህተትና ያልተነበበ ጀርባ ናቸው።

ቅሬታውን በተመለከተ ሕጉ በሲላበስ ላይ አስቀድሞ ይጻፋል፦ ወረቀቱ ከተመለሰ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ በ7 ቀን ውስጥ፣ በጽሑፍ፣ የትኛው ጥያቄ ላይ ለምን እንደሆነ ተገልጾ። ጥያቄው በሙሉ በመመሪያው መሠረት እንደገና ይታረማል፤ ነጥቡ ሊወርድም ይችላል። መመሪያው ራሱ ስህተት ሆኖ ከተገኘ ያንኑ መልስ ለጻፉት ሁሉ ይስተካከላል፤ ለመጣው ብቻ አይደለም። ሁለት ነጥብ በምሕረት የተጨመረለት ተማሪ ወረቀቱን ከጓደኛው ጋር ያስተያያል። በማግስቱ ደጅ ላይ ስድስት ሰው ይቆማል፤ የስድስቱም ጥያቄ ተገቢ ነው።

ጽሑፉ በዚያው አያይዞ ውጤትን በመታወቂያ ቁጥር ዘርዝሮ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልቀቅ ጊዜ ይቆጥባል ይላል። አገር ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለመድነው ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን በ1974 የወጣው ፈርፓ የሚባለው ሕግ የተማሪን የትምህርት መዝገብ ያለ ፈቃዱ መግለጥ ይከለክላል፤ በመታወቂያ ቁጥር የተለጠፈ ውጤትም ከዚያው ይቆጠራል። ውጤት የሚነገረው በካንቫስ ወይም ዩኒቨርሲቲው በሚጠቀምበት መሰል ሥርዓት ብቻ ነው። የታረመ ወረቀት ኮሪደር ላይ ከምሮ የራስህን ፈልግ ማለትም አይቻልም። ወላጅ ደውሎ ልጄ እንዴት ነች ቢል፣ የሚከፍለው እሱ ቢሆን እንኳ፣ ቲኤው ልጅቷ በክፍሉ መኖሯን እንኳ ሳያረጋግጥ ጥሪውን ለኢንስትራክተሩ ወይም ለሬጂስትራር ይመራዋል።

ኩረጃን በሚመለከት አጭር ነገር፦ ቲኤ አይቀጣም፣ ወረቀትም አይነጥቅም። ተማሪው ይጨርሳል። ቲኤው ሰዓቱን፣ መቀመጫውን፣ ያየውን ነገር ወዲያው ይጽፋል፤ ሁለቱን ወረቀቶች ኮፒ ያደርጋል፤ ለኢንስትራክተሩ ይሰጣል። የተማሪን ጽሑፍ በኤአይ የተጻፈ ነው አይደለም ለማለት ውጭ ባለ መሣሪያ ላይ መለጠፍ ደግሞ ሁለት ስህተት ነው፤ መሣሪያዎቹ ይሳሳታሉ፣ ጽሑፉም የተማሪው መዝገብ ነው።

ማኅበሩን በተመለከተ፣ በ2025 የብዙ የውጭ ተማሪዎች የኢሚግሬሽን መዝገብ በድንገት ሲሰረዝ ያየ ሰው ቢፈራ አንፈርድበትም። ግን የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን የቪዛ ጥሰት አይደለም። በግል ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ቲኤዎች ሠራተኞች መሆናቸውን ብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ በኦገስት 2016 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ወስኗል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ነገሩ በስቴቱ ሕግ ይወሰናል፦ ካሊፎርኒያ የጋራ ድርድርን ትፈቅዳለች፣ ቴክሳስ አትፈቅድም። የቲኤዎች ማኅበር አዲስ ነገርም አይደለም፤ በዊስኮንሲን ማዲሰን በ1966 ተቋቁሞ በ1970 የመጀመሪያውን የጋራ ውል ተፈራርሟል። በኖቬምበር 2022 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ 48,000 የሚጠጉ የአካዳሚክ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር። በውጤቱም የግማሽ ሰዓት ቲኤ ዝቅተኛ የ9 ወር ደመወዝ በኦክቶበር 2024 ወደ 34,000 ዶላር ግድም እንዲደርስ ተስማሙ። ጸሐፊው የሚያደንቁት ደመወዝ በየት መጣ ቢባል አንዱ መልስ ይህ ነው። አድማ ላይ መሳተፍ አለመሳተፍ የየሰው ውሳኔ ነው። የተማሪነት ሁኔታው የተያያዘው ከምዝገባው ጋር ነው፤ ያልተሠራበት ቀን ግን ደመወዙ ሊቆረጥ ይችላል።

የመጨረሻው ትኬት ካለ ይበቃል የሚለው ነው። ኤፍ-1 ተማሪ መግባት የሚችለው ፕሮግራሙ ከሚጀምርበት ቀን ቢበዛ 30 ቀን አስቀድሞ ነው። ካረፈ በኋላ በውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይመዘገባል፤ የኢሚግሬሽን መዝገቡ ንቁ እስኪሆን ወደ 10 ቀን ይጠብቃል። ከዚያ ከዲፓርትመንቱ የቅጥር ደብዳቤ፣ ከቢሮው ድጋፍ ደብዳቤ፣ ፓስፖርት፣ አይ-20 (ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚሰጠው ሰነድ) እና አይ-94 (የመግቢያ መዝገብ) ይዞ ለሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያመለክታል። አይ-9 የሚባለው የቅጥር ማረጋገጫ ሥራ በተጀመረ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ይጠናቀቃል። ቁጥሩ እስኪመጣ ሥራ መጀመር ይቻላል፤ ወረቀቱ ደመወዝ መዝጊያው ካለፈ በኋላ ከገባ ግን ክፍያው ለሚቀጥለው ወር ይሻገራል። ኦገስት 5 የገባ፣ ምደባው ኦገስት 16 የሚጀምር፣ ወረቀቱ የዘገየበት ሰው የመጀመሪያ ደመወዙን የሚያየው ሴፕቴምበር 30 ነው። ስምንት ሳምንት ማለት ነው። በዚህ መካከል የሁለት ወር ኪራይ፣ የአንድ ወር ኪራይ የሚያህል ማስያዣ፣ የሴሚስተሩ ልዩ ልዩ ክፍያና ምግብ አለ።

ወረቀቱን ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው ደግሞ ስም ነው። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በፓስፖርቱ፣ በአይ-20ው እና በቅጥር ደብዳቤው ላይ በተለያየ ቅደም ተከተል ወይም የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከሰፈረ ደመወዝ ክፍሉ አንድ ሰው መሆኑን ማረጋገጥ ያቅተዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ቀን ያለበት ሰነድም ያው ነው። አይ-20ው እንደደረሰ ከፓስፖርቱ ጎን አስቀምጦ ፊደል በፊደል ማነጻጸር፣ ልዩነት ካለም ለኤምባሲ ቀጠሮ ከመቅረብ በፊት ዩኒቨርሲቲው አስተካክሎ እንዲልክ በኢሜል መጠየቅ ነው።